የአደራ ልጅ ለቅሶ ተቀመጠች

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በእኛ ሰፈር ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ሰው ቤት አይኬድም ነበር። እናቶች የሚናገሩበት ሰዓት ነበር። ከቦርከና ወንዝ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሠላሳ ስምንት የአደራ ቤቶች አለን። በሠላሳ ስምንቱም ማጽናኛው በአንድ ጊዜ ይበራ ነበር፤ ልጆቹ ግድግዳው ሥር ተኮልኩለው ይቀመጡ ነበር። በዚያ ሰዓት በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ከየመስኮቱ «የኔ ጌታ፣ ዛሬ ምን ተማርክ?» ሲባል ይሰማ ነበር። የሚጠይቁት ሴቶች አንዳቸውም ኮምቦልቻ አልነበሩም።

እኔ ቢታኒያ እባላለሁ። ልጅ ሳለሁ የዘመናይ ስም ነበር፤ አሁን የባልቴት ስም ሆኖ ልጆቹ ሲሰሙት ይስቃሉ። ሥራዬ የአደራ እናትነት ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሥራ አንድ ልጅ ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። አሥራ አራት ዓመት እስኪሞላቸው አብልቻለሁ፣ አጥቤያለሁ፣ በቃ። አሁን የማወራላችሁ ስለ አሥራ ሁለተኛዋ ነው። ትርንጎ ትባላለች።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ከባሕር ማዶ ያለው የሰሜን አገር ሽማግሌ ጧሪ የለውም፤ የእኛ አገር ሴት ደግሞ ክንድ አላት። ስለዚህ ትሄዳለች። ውሉ አምስት ዓመት ነው። በአምስቱ ዓመት ስልክ የለም፤ የጧሪ ልብ ሁለት ቦታ ከሆነ ሽማግሌው ይጎዳል ተብሎ ተጽፏል። እናትየዋ ከመሄዷ በፊት ዘጠኝ ቀን ድምፅ የሚቀዳ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ታወራለች፣ ታንጎራጉራለች፣ ትስቃለች፣ ትቆጣለች። ልጇም ሌላ ክፍል ውስጥ እንደዚያው ያደርጋል። ከዚያ እናትየዋ የልጇን ድምፅ የያዘ ሣጥን አንጠልጥላ ወደዚያ ትሄዳለች፤ ልጁ የእናቱን ሣጥን አንጠልጥሎ ወደ እኔ ይመጣል። ሣጥኑ በወረቀት ላይ «ማጽናኛ» ይባላል፤ ነገሩ ሁሉ ደግሞ «ያለ ሕመም መለየት»። በየበራችን ላይ የለጠፉት ሥዕል አለ፤ አንዲት ሴትና አንዲት ልጅ ይሳሳቃሉ።

ትርንጎ የመጣችው በጥቅምት 2091 ነው። ስድስት ዓመቷ ነበር። በአንድ እጇ ሣጥኗን፣ በሌላው የእናቷን ቢጫ ሻሽ ይዛለች። ያመጣት ደምስ የሚባለው ተቆጣጣሪያችን ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም፤ መመሪያ ያነባል እንጂ።

«እትዬ ቢታኒያ፣ ይቺ ቀላል ናት» አለኝ። «መንገድ ላይ አንዴም አላለቀሰች።»

«ያላለቀሰች ልጅ ቀላል ናት ያለህ ማን ነው?»

«መመሪያው።»

ፈርሜ ተቀበልኳት።

ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ሣጥኗ የተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ሄዳ ትቀመጣለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ትጠብቃለች። ስጠራት አትዞርም፤ ሳበላት አፏን አትከፍትም። ሣጥኑ «ብዪ እንጂ የኔ አበባ» ሲል ብቻ ነው የምትጎርሰው። እኔም ተንኮሉን ለመድኩት፤ ወጡን ለአሥራ ሁለት ሰዓት እያደረስኩ፣ እንጀራውን ጠቅልዬ በእጄ ይዤ፣ ያቺ የማላውቃት ሴት «ብዪ» እስክትል ቆሜ እጠብቃለሁ። በቤቴ ውስጥ ገረድ የሆንኩት ለሣጥን ነው። የሣጥኑ ሴት ስትስቅ አንድ ዓይነት ሳቅ ነው የምትስቀው፤ መጀመሪያ ትንሽ ሳል አለበት፤ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ያስላታል።

«እማ፣ መቼ ነው የምትመጪው?»

«አንቺ ብቻ ጎበዝ ሁኚልኝ። ዛሬ ምን ተማርሽ?»

ይህን በየቀኑ ለስምንት ወር ሰማሁ። ከዚያ ልጅቷ መፈተን ጀመረች። አንድ ቀን «እማ፣ ወድቄ እግሬ ተሰበረ» አለቻት፤ ደህና እግሯን ዘርግታ። «ውይ የኔ አበባ፣ እፍ... እፍ... ዳነ አይደል?» አለ ሣጥኑ። ሌላ ቀን «እማ፣ እትዬ መታችኝ» አለች። አልመታኋትም። «እሺ በያቸው፤ ታዛዥ ሁኚ» አላት። በሰኔ አንድ ምሽት ደግሞ ወደ ግድግዳው በጣም ተጠጋችና ቀስ ብላ፣ «እማ፣ ሞቻለሁ እኮ» አለች።

«ጎበዝ የኔ አበባ! ዛሬ ምን ተማርሽ?»

ከዚያ ምሽት በኋላ «ብዪ» ብትባልም አልበላም አለች። የእጇን አንጓ ትነክሳለች፤ አታለቅስም። በአራተኛው ቀን ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ደምስን ጠራሁት፤ መጥቶ አያት፤ መመሪያውን አየና ማጽናኛውን ከግማሽ ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት አሳደገላት። እየሞተች ያለች ልጅ በዚያ ሣቅ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትታጠብ ቆሜ አየሁ።

የቀደሙት አሥራ አንዱ ትዝ አሉኝ። አየነው የሚባለው የመጀመሪያው ልጄ አሁን ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ማንሻ ይነዳል። በአሥራ አራተኛ ልደቱ፣ እንደ ደንቡ፣ ሣጥኑን ወሰዱበት። እስከ ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ማንሻውን ያቆምና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። አለቆቹ ጸሎት መስሏቸው ይተዉታል። ከአሥራ አንዱ እናቶች ደግሞ አንዲትም አልተመለሰችም። ውሉ ሲያልቅ ያድሱታል። ለምን አትመጪም ብሎ የሚያፋጥጣቸው ልጅ የለማ፤ እነሱ ዘንድ ያለው ሣጥንም ይስቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

እና ምን አሰብኩ መሰላችሁ፤ እናቷ ሞታ ቢሆን ለልጅቷ ይሻላት ነበር አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ግን ሐሰት አይደለም። ለሞተ ሰው እኛ ሥርዓት አለን። ድንኳን ይጣላል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ደረት ይመታል፣ ንፍሮ ይበላል፤ በሦስተኛው ቀን ፊትሽን ታጥበሽ ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ። ለሄደ ሰው ግን ምንም የለንም። የሄደበትን ልጅ ማን «አይዞህ» ይበለው?

ሐጂ ረምዚ ጋ ሄድኩ። የዕድራችን ዳኛ ናቸው፤ ድንኳኑም ቁልፉም እሳቸው ዘንድ ነው። ነገሩን ስነግራቸው መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

«በሕያው ላይ ለቅሶ? አንቺ ሴት፣ ጤናሽን ነው?»

«ሐጂ፣ ከአሥራ አንዱ ስንት ተመለሰች?»

መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«አሥራ ሁለተኛዋ አትመለስም ብሎ የነገረሽ ማን ነው?»

«እስክትመለስ ልጅቷ የለችም። ለልጅቷ ድንኳን ከሚጥሉላት ለእናትየዋ ይጣሉላት።»

«አላህ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ?»

«ቢታኒያ አሳሳተችኝ ይበሉ።»

የአደራ ነገር እንደ እሳት የሚያቃጥላቸው ሰው ናቸው፤ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው ከአፋቸው አይጠፋም። በመጨረሻ ተነሥተው ቁልፉን አወረዱ። «ትልቁን ድንኳን ለውሸት አላስወጣም» አሉኝ፤ «ትንሹን ውሰጂ።»

መርዶ በንጋት ነው የሚነገረው። ሣጥኑን ከግድግዳው ነቅዬ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ ሐጂ ጓዳ አስቀመጥኩት። ጎህ ሲቀድ አምስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። እውነቱን የምናውቀው እኔና ሐጂ ብቻ ነን፤ ሌላው ሰው ከልቡ ነው የመጣው። ልጅቷ ዓይኗን ከፈተች፤ ሴቶቹን አየች፤ ባዶውን ግድግዳ አየች።

«ትርንጎዬ» አልኳት፤ «እናትሽ አርፋለች።»

«ሞተች?»

«አዎ።»

አሰበች። ልጅ ሲያስብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ግንባሯ ተጨማደደ።

«ለዚህ ነው የማትሰማኝ?»

«አዎ የኔ ልጅ፣ ለዚህ ነው።»

ያን ጊዜ አፏን ከፈተች። መጀመሪያ ድምፅ አልወጣም። ሲወጣ ግን ሐጂ ከውጭ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ስምንት ወር ያጠራቀመችውን አለቀሰችው። ቢጫውን ሻሽ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ፣ ማን እንዳስተማራት እንጃ፣ እንደ ትልቅ ሰው «እማዬ፣ እማዬ» እያለች ድንኳኑን ዞረች። ሴቶቹ አብረዋት ዞሩ። እኔም አለቀስኩ፤ የኔስ ለቅሶ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ሦስት ቀን ተቀመጠች። ሰው እየገባ «እግዜር ያጥናሽ»፣ «አላህ ያጥናሽ» ይላታል፤ እሷ «አሜን» ትላለች። ንፍሮውን ከሐጂ መዳፍ እየቆነጠረች በላች። በሦስተኛው ቀን ማታ ጭኔ ላይ ተኛች፤ ያለ ሣጥን። ከዚያ በኋላ እቴቴ ትለኝ ጀመር። በላች፣ ወፈረች፣ የሰፈሩን ልጆች ትደበድባለች ተብላ ተከሰሰች። ደስ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ልጅ ቤቴ ውስጥ እንደዚያ ሲተኛ አላየሁም ነበር።

ደምስ በወሩ መጣ። ሣጥኑ የለም፤ ልጅቷ ጓሮ ትዘላለች። ፈቃዴን ይቀሙኛል ብዬ ቆርጬ ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣም። ክብደቷን ለካ፣ እንቅልፏን ጠየቀ፣ ጻፈ። «ስንት ቀን ፈጀ?» አለኝ። «ሦስት» አልኩት። ያንንም ጻፈ።

በመስከረም ወረቀት መጣ። «የስንብት ሥርዓት» ይላል። ማንኛውም የአደራ ልጅ በስምንተኛው ወር ማጽናኛው ተነሥቶ መርዶ ይነገረዋል፤ ድንኳን ከመሥሪያ ቤቱ፤ አልቃሽ ሦስት፤ ጊዜው ከጧቱ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት። ሦስቱን ቀን ወደ ሦስት ሰዓት አሳጠሩት። በዚያው በጋ ከቦርከና እስከ አስፋልት ሠላሳ አንድ ሕያው እናቶችን አለቀስን። ሐጂ ረምዚ አንዱም ላይ አልተገኙም፤ ሲያገኙኝ ሰላምታዬን ይመልሳሉ፣ አይቆሙም። እኔ ግን ሁሉም ጋ ሄጃለሁ። እንዳልሄድ ምን ብዬ?

ትርንጎም አብራኝ ትሄዳለች። ለቅሶ መድረስን እንደሷ የሚያውቅበት ልጅ የለም። አዲስ መርዶ የተነገረው ልጅ ጎን ሄዳ ትቀመጣለች፤ ትከሻውን ታቅፋለች፤ «አልቅስ፣ ይወጣልሃል፤ የኔም ወጥቶልኛል» ትለዋለች። ልጆቹ ይቀላቸዋል፤ ይህን አልክድም። ደምስ የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። የልብስ ሣጥኔ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ አልሰቀልኩትም።

በጥር 2094፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ልብስ ሳሰጣ በሩ ተንኳኳ። ትርንጎ ጎረቤት ገመድ ትዘላለች፤ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ስከፍት ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ጉንጯ የገባ ሴት ቆማለች።

«እንደምን አረፈዱ እናቴ» አለች። «የትርንጎ ቤት ይኸ ነው?»

ስሟን አልጠየቅኳትም። ስምንት ወር በየምሽቱ ወጥ ይዤ የጠበቅኩት ድምፅ ነው፤ ተሰንጥቆ፣ ደክሞ። መጀመሪያ ላይ ሳል አለችበት።

«ሚልካ እባላለሁ» አለች። «እናቷ ነኝ።»

ግቢ አላልኳትም። እንዴት ልበላት? በሩን እንደያዝኩ ቆምኩ። እሷ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰው አግኝታ ኖሮ ዝም ማለት አልቻለችም።

«የያዝኩት ሣጥን ውስጥ ያለችው ልጅ ሁሌ ስድስት ዓመቷ ነው» አለችኝ። «ሁሌ ትስቃለች። ሦስት ዓመት አንድ ቀን አላኮረፈችኝም። የኔ ልጅ አኩራፊ ናት፤ እርስዎም ሳያውቁ አይቀሩም። አንድ ቀን ሽማግሌዬ እጄ ላይ ሞቱ፤ ማታ ለሣጥኑ ነገርኩት፤ ሳቀብኝ። ልጄ አይደለችም አልኩና ጥዬ መጣሁ።»

«ውል አፍርሰሽ?»

«አፍርሼ። የጣቴን አሻራ የትም ያውቁታል። ሰኞ፣ ቢዘገይ ማክሰኞ ይወስዱኛል፤ ያፈረሰ አሥር ዓመት ይጨመርበታል። ቢሆንም ሁለት ቀን አያታለሁ። ታኩርፈኝ፣ ትምታኝ፤ ምንም ትበለኝ።»

ነገርኳት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዱንም ሳልደብቅ፣ እንጨት ሆኜ ነገርኳት። የእግዜር ቁጣ ይውረድብኝ ብዬ ጠበቅኩ። ፊቴን ትቧጭረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልነካችኝም።

«ስንት ቀን አለቀሰችልኝ?» አለች።

«ሦስት።»

«በደንብ?»

«በደንብ።»

«እኔ እኮ ያን ጊዜም ስትስቅ ነው የሰማኋት» አለችና በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አፏን በመዳፏ ይዛ አለቀሰች፤ ድምፅ እንዳይሰማ ሆና። የሰው ቤት ስትሠራ የለመደችው አለቃቀስ ነው መሰለኝ።

ትርንጎ ገመዷን አንገቷ ላይ ጥላ እየሮጠች መጣች። የምታለቅስ ሴት አየች፤ ሩጫዋን ገታች። ልጅቷ ገመዱን አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ቀሚሷን ሰበሰበች፤ ሴትየዋ ጎን ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ትከሻዋን አቀፈቻት።

«እግዜር ያጥናሽ» አለቻት። «ማን ሞቶብሽ ነው?»

ሚልካ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ያን ፊት እንዴት እንደበላው ልነግራችሁ አልችልም። ስድስት ዓመት ላይ ትታው የሄደችውን ፊት ዘጠኝ ዓመት ላይ ፈለገችው።

«ልጄ» አለች።

«ስንት ዓመቷ ነበር?»

«ስድስት።»

«ትንሽ ነበረች» አለች ትርንጎ። ከዚያ ጭንቅላቷን ዘመም አድርጋ አዳመጠች። «ድምፅሽ እናቴን ይመስላል። እሷ ሞታለች።»

አሁን ትነግራታለች አልኩ፤ እንድትነግራትም ለመንኩ፤ እንዳትነግራትም ለመንኩ።

«ነፍሷን ይማር» አለች ሚልካ።

«አሜን። አንቺም አልቅሺ። አፍሽን አትያዢ፤ እንደሱ አይወጣም» ብላ እጇን ከአፏ ላይ አነሣችላት። ከዚያ ልጅ ናትና ጎረቤት ሲጠሯት ገመዷን ይዛ ሮጠች።

«ልጥራት» አልኩ። «ልጥራትና ልንገራት። እኔ ዋሽቼ ነው እላታለሁ። በኔ ትፍረድ።»

«አይንገሯት» አለችኝ። ተነሥታ አቧራዋን አራገፈች። «እናቴ ተመለሰች ብላ እሑድን ትደር? ሰኞ መጥተው ከእጇ ሲወስዱኝ ትይ? አሥር ዓመት ደግሞ ሣጥን ትስማ? አንዴ ሞቼላታለሁ። ደግሜ አልሞትባትም።»

እጄን ሳመችኝ። የኔን እጅ፤ ምን ብላ እንደሳመችው እኔ አላውቅም። ወደ አስፋልቱ ወረደች። ዞራ ወደ ገመዱ ጨዋታ አላየችም። አላስቆምኳትም። ሃያ አምስት ዓመት ሊሆነኝ ነው በዚህ ሥራ፤ የመጣች እናት አንድ አየሁ፤ እሷንም በር ላይ መለስኳት።

ትንሽ ቆይቶ ትርንጎ ገባች። ውሃ ጠጣች።

«ያቺ ሴትዮ የት ሄደች?»

«ሄደች።»

«ቤቷ የት ነው?»

«አላውቅም።»

«አታውቂያትም?»

«አላውቃትም» አልኳት።

ኩባያውን አስቀመጠችና በጣም አየችኝ። አሳዳጊ ያልበደላት ልጅ ናት፤ ሥርዓት ታውቃለች። «እቴቴ፣ ለቅሶ ሳንደርሳት ልንቀር ነው?» አለች። «ደጃችን ድረስ መጥታ? ነውር ነው እኮ።» መልስ አልጠበቀችም። ጓዳ ገብታ የሷን ትንሽ ነጠላ አዘቀዘቀች፤ የኔን አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችው፤ ጫፉንም እሷው አስተካከለችልኝ። እጄን ይዛ ወጣች።

አሁን በመንገዱ እየወረድን ነው። በየበሩ ትቆማለች፤ ታንኳኳለች፤ «ልጅ የሞተባት ሴት በዚህ አላለፈችም?» ትላለች። ሰዎቹ እሷን ያዩና ቀና ብለው እኔን ያዩኛል። እኔ ከኋላዋ ቆሜ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ እይዛለሁ።